የሞተው ልጅ መልአክ መሆን የለበትም

ውድ ወጣቶች፣

በአሜሪካ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የወጣቶችን ክፍል ይዤ ለብዙ ዓመታት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከሐበሻ ቤተሰብ የተወለዱ ልጆች በፖሊስ ጥይት ስለ ተገደሉ ጥቁር ወጣቶች የተጻፉትን ልብ ወለዶች ሲዋሱና ሲመልሱ ኖሬያለሁ፤ መልሰው ሲመጡም ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ግን ልጁ ምን አድርጎ ነበር?» ብለው ነበር። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ጥያቄ ነው፤ እነዚህን መጻሕፍት በደንብ ማንበብ የሚቻለው ጥያቄውን ወደ ጎን ማድረግ ሲቻል ነው ብዬ ስለማምን።

ጥያቄው የእናንተ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2014 በሚዙሪ ግዛት በፈርጉሰን ከተማ የ18 ዓመቱ ማይክል ብራውን በፖሊስ ሲገደል አስከሬኑ አራት ሰዓት ያህል አስፋልት ላይ ቆየ። በቀብሩ ዕለት ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ልጁ ሕይወት ባወጣው ጽሑፍ «መልአክ አልነበረም» አለ። አንባቢዎች ተቆጡ፤ የአንባቢዎችን ቅሬታ የምትመረምረው የጋዜጣው አዘጋጅም አባባሉ የሚያሳዝን ስህተት እንደ ነበር ጻፈች። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ሰው እንዲለቀስለት መልአክ መሆን ካለበት ከየቤታችን ለማን ይለቀሳል?

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 22 ቀን በክሊቭላንድ ከተማ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በአንድ መናፈሻ ውስጥ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ነበር። ለፖሊስ የደወለው ሰው ሽጉጡ የውሸት ሳይሆን እንደማይቀር፣ የያዘውም ልጅ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል፤ ይህ ቃሉ ግን ለተላኩት ፖሊሶች አልደረሳቸውም። መኪናቸው በደረሰ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተተኮሰበት፤ በማግስቱም ሞተ። ወደ ወንድሟ እየሮጠች የመጣችውን የ14 ዓመት እህቱን ፖሊሶቹ መሬት ላይ ጥለው፣ እጇን በካቴና አስረው መኪናቸው ውስጥ አስቀመጧት። በኋላም ስለዚህ ሕፃን «ለዕድሜው ግዙፍ ነበር» የሚል መከራከሪያ ቀረበ። እንግዲህ ጥፋት ተፈልጎ ሲታጣ የሰውነት መጠንም ጥፋት ይሆናል ማለት ነው።

ዜና እንዲህ ያለችን እህት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋታል። ልብ ወለድ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለች እህት በማግስቱ ስትነቃ፣ ወደ ክፍሏ ስትመለስና መምህሩ ስም ሲጠራ፣ እናቷ ለሁለት ልጆች የለመደችውን ምሳ ቋጥራ አንዱን መልሳ ስትፈታ፣ አባቷ ከማንም ጋር መነጋገር ሲያቆም፣ ይህን ሁሉ ተከታትሎ አብሮ የሚቀመጠው ጸሐፊ ብቻ ነው። ስለዚህ ስታነቡ ከተኩሱ ምዕራፍ ይልቅ ከዚያ በኋላ ባሉት ምዕራፎች ላይ ቆዩ። ሟቹ በቤተሰቡ አፍ እንዴት እንደሚነሣ አስተውሉ። በአገራችን ለቅሶ ቤት እናት የልጇን ደግነት ብቻ ሳይሆን ያስቸገራትን፣ የተኮራረፉበትንም ቀን እያነሣች ስታለቅስ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እንዲህ ስትል ግን ከተሰበሰበው ሰው አንድም ልጇ ሊለቀስለት አይገባም የሚል አይኖርም። ጥሩ የወጣቶች ልብ ወለድም እንደዚሁ ነው፤ ሟቹ ዕዳ ነበረበት፣ ይዋሽ ነበር፣ ከማይሆኑ ጓደኞች ጋር ይውል ነበር ብሎ ሳይደብቅ ይነግረንና መሞቱን እንድንለምደው ግን አይፈቅድልንም።

በብዙዎቹ ታሪኮች ውስጥ ግራንድ ጁሪ የሚባለውን የተራ ዜጎች ሸንጎ ታገኛላችሁ፤ አሠራሩን ካላወቃችሁ የታሪኩ ውጥረት ያመልጣችኋል። የሚካሄደው በዝግ ነው፤ ማስረጃውን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ የሚወሰነውም ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት የሚለው እንጂ ጥፋተኛነት አይደለም። በብራውንም በራይስም ጉዳይ ክስ አይመሠረትም ተባለ። ወላጆቿን ደጅ ትታ ወደዚያ ክፍል የምትገባ ወጣት ምስክር ለምን እንደምትንቀጠቀጥ፣ በመጨረሻም ለምን እንደምትጮኽ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ከእናንተ አንዳንዶቹ እቤት ውስጥ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ በሰው አገር አርፎ መኖር ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ወላጆቻችሁ ይህን የሚሉት ከክፋት ሳይሆን ከስጋት ስለሆነ አክብራችሁ ስሟቸው። ነገር ግን መኪናችሁን የሚያስቆመው ፖሊስ ቤተሰባችሁ ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2019 በእስራኤል በቂርያት ሐይም ሰለሞን ተካ የተባለ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ከሥራ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ እዚያ ያሉ ወጣቶቻችን መንገድ ዘግተው የጮኹት ነገሩ በራሳቸው ደጅ መድረሱን ስላወቁ ነው።

መጻፍ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1955 በሚሲሲፒ የ14 ዓመቱ ኤሜት ቲል በነጮች ተደብድቦ ሲገደል እናቱ ሜሚ ቲል በቺካጎ የሬሳ ሣጥኑ ክፍት እንዲሆን አደረገች፤ ፊቱን ሕዝብ ይየው ብላ። ይህን የወሰነችው እናቲቱ ራሷ ናት። እናንተ ግን በሕይወት ያለን ቤተሰብ ሐዘን ወስዳችሁ የራሳችሁ ታሪክ አታድርጉት፤ ፈጥራችሁ ጻፉ፤ የሚሞተው ልጅም ከመሞቱ በፊት አንባቢው ሊቆጣው፣ ሊስቅበት፣ ሊናፍቀው የሚችል ሰው ይሁን። ቦታው ገና ብዙ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት መጻሕፍት ማዕከል ከተመለከታቸው 3,200 ያህል መጻሕፍት ስለ ጥቁሮች የሚናገሩት 93 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢያድግም፣ ከአዲስ አበባ በመጣች የታክሲ ሹፌር ሚስት ቤት ውስጥ ያለውን ስጋት ከእናንተ በቀር ማን ሊጽፈው ይችላል?

መጽሐፉን ከትምህርት ቤታችሁ መደርደሪያ ካጣችሁት ተስፋ አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከመደርደሪያ ይነሡ የሚል ጥያቄ በብዛት የቀረበባቸውን ሲዘረዝር፣ በፖሊስ ግፍ ላይ የተጻፉ የወጣቶች ልብ ወለዶች ነበሩበት። ወደ ሰፈራችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሂዱና ጠይቁ፤ ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡላችኋል፣ ከሌላቸውም እንዲገዙ ማመልከት ትችላላችሁ። ካነበባችሁ በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛው ለሚከብዳት እናታችሁ አንዱን ምዕራፍ በአማርኛ አጫውቷት፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ፖሊስ ቢያስቆማችሁ እጃችሁን የት እንድታደርጉ ልትመክራችሁ እንደምታስብም ጠይቋት፤ ምናልባት ለመናገር ጊዜ ስትጠብቅ የቆየች ይሆናል።