ሽቦውን ከመቁረጥህ በፊት ኬብሉን እይ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አለኝ። ለ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) የሚሆን ዳይፖል፣ ማለትም ሁለት እኩል ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና ሠራሁ። በቀመሩ መሠረት 143ን ለ7.1 አካፍዬ 20.14 ሜትር ሽቦ ቆረጥኩ። ሽቦው ባለ 2.5 የመብራት ሽቦ ነው። ከቤታችን ቆርቆሮ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት። ኬብሉን የገዛሁት ከዲሽ ሠሪዎች ነው። ነጭ ነው፣ 25 ሜትር። በናኖ ቪኤንኤ (አንቴና በሚለካ ትንሽ አናላይዘር) ስለካው ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዝቅ የሚለው 7.1 ላይ ሳይሆን 6.78 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ኬብሉን 5 ሜትር ሳሳጥረው ቁጥሩ ሌላ ሆነ። መሣሪያውን በእጄ ስይዘው ደግሞ መስመሩ ይንቀሳቀሳል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ሽቦውን ልቁረጥ?»

መልስ፦ አብሽር፣ መሣሪያህ ደህና ይመስለኛል። ጋሼ ካልከኝ እኔም «አንተ» እያልኩህ ልቀጥል። ሽቦውን ግን አሁን እንዳትቆርጥ። አንቴናህ በእርግጥ ረዝሟል። ግን ምን ያህል እንደረዘመ ገና አናውቅም፤ ምክንያቱም አሁን እየለካህ ያለኸው አንቴናውን ብቻ አይደለም። አንቴናውን፣ ኬብሉን፣ ቆርቆሮውንና የራስህን እጅ ነው በአንድ ላይ የለካኸው። እነዚህን አንድ በአንድ እንነጣጥላቸው።

ከመሣሪያው እንጀምር። ናኖ ቪኤንኤ ከመለካትህ በፊት ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም በሚታወቅ ነገር ልኩ መስተካከል አለበት። አብረውት የመጡት ሦስቱ ትንንሽ ክዳኖች ለዚህ ናቸው፦ ክፍቱ፣ ሾርቱና ባለ 50 ኦሙ። መጀመሪያ የምትለካውን ክልል ምረጥ፤ ለአንተ ከ6 እስከ 8 ሜጋኸርዝ ይበቃል። ከዚያ ካሊብሬት አድርግና ሴቭ አድርገው። ክልሉን ከቀየርክ እንደገና ካሊብሬት ብታደርግ ይሻላል። ብዙ ሰው ከ1 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ከፍቶ «ምንም አይታየኝም» ይላል። የድሮው ናኖ ቪኤንኤ በአንድ ዙር የሚለካው 101 ነጥብ ብቻ ነው። 29 ሜጋኸርዝ በዚያ ሲከፋፈል በነጥብና በነጥብ መካከል 290 ኪሎኸርዝ ይሆናል። እኛ የምንጠቀምበት ባንድ ከ7.0 እስከ 7.2 ነው፤ ስፋቱ 200 ኪሎኸርዝ ብቻ። ባንዱ በሙሉ በሁለት ነጥብ መሐል ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ካሊብሬት ካደረግክ በኋላ ባለ 50 ኦሙን ክዳን መልሰህ ግጠምና እይ። ኤስደብሊውአር (ምን ያህል ኃይል ተመልሶ እንደሚመጣ የሚጠቁም ቁጥር፤ 1 ማለት ምንም አይመለስም ነው) 1 ወይም ለ1 በጣም የቀረበ ቁጥር ካሳየህ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ክዳኑ ከጠፋብህ ሁለት ባለ 100 ኦም የካርቦን ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን አያይዝ፤ 50 ይሆንልሃል። ሽቦ የተጠመጠመበትን ሬዚስተር ግን አትጠቀም። እሱ ራሱ ጥቅል ስለሆነ በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚታየው። ስትገጥም ደግሞ ኮኔክተሩን በቀስታ። እነዚያ ትንንሾቹ ኤስኤምኤ ኮኔክተሮች በፒንሳ መጠምዘዝ አይወዱም። በጣት ጠበቅ ካለ በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ነጩ ኬብል። የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው። ሬዲዮህና መሣሪያህ ደግሞ የተሠሩት ለ50 ኦም ነው። ይህ ብቻውን አደጋ የለውም፤ በ75 ኦም ኬብል የሚሠራ ብዙ አማተር አለ። ችግሩ ንባቡ ላይ ነው። ኬብሉ 50 ኦም ቢሆን ኖሮ ርዝመቱን ስትቀይር ኤስደብሊውአሩ ብዙም አይነቃነቅም ነበር። 75 ኦም ሲሆን ግን ኬብሉ ራሱ እንደ ትራንስፎርመር ይሠራል።

በቁጥር ልንገርህ። አንቴናህ ልክ 50 ኦም ሆነ እንበል። ኬብሉ ለ7.1 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ ርዝመት ካለው መሣሪያህ ጋ የሚደርሰው ያው 50 ነው፤ ኤስደብሊውአር 1። የሩብ ሞገድ ርዝመት ካለው ግን 75 በ75 ተባዝቶ ለ50 ይካፈላል፤ 112.5 ኦም ይሆናል። ኤስደብሊውአሩ 2.25 ሆነ ማለት ነው። አንቴናው ያው ነው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር አልተነካም። በአረፋ በተሞላ የዲሽ ኬብል ውስጥ ሞገድ ከአየር ይልቅ ስለሚዘገይ በ7.1 ላይ ሩብ ሞገድ ወደ 8.8 ሜትር ነው። አንተ 5 ሜትር ነው የቆረጥከው፤ ቁጥሩ ባይለወጥ ነበር የሚገርመው።

ስለዚህ ኬብሉን ለግማሽ ሞገድ አስተካክለው። ለዚህ ደግሞ ከአናላይዘሩ የተሻለ መሣሪያ የለም። የቀረህን 20 ሜትር ከአንቴናው አውርደው። አንዱን ጫፍ መሣሪያው ላይ ግጠም፣ ሌላውን ጫፍ ክፍት ተወው። ጫፉ ላይ መሐሉ ሽቦና ዙሪያውን ያለው የብረት መረብ እንዳይነካኩ። ክልሉን ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ አድርገህ እንደገና ካሊብሬት አድርግ። አሁን አር (ሬዚስታንስ) እና ኤክስ (ሪአክታንስ) የሚባሉትን በኦም የሚነበቡ ንባቦች ተመልከት። ሁለቱም ወደ ዜሮ የሚጠጉበት አንድ ፍሪኩዌንሲ ታገኛለህ። እዚያ ላይ ኬብሉ ሩብ ሞገድ ሆኗል፤ ክፍቱ ጫፍ በዚህኛው በኩል ሾርት መስሎ ይታያል። 20 ሜትር የዲሽ ኬብል ከሆነ 3.1 አካባቢ ትጠብቀው።

የምንፈልገው በ7.1 ላይ ግማሽ ሞገድ እንዲሆን ነው። ይህ ማለት በግማሹ ፍሪኩዌንሲ፣ በ3.55 ላይ፣ ሩብ ሞገድ መሆን አለበት። ስለዚህ ያ ነጥብ 3.55 ላይ እስኪደርስ ኬብሉን በትንሽ በትንሹ እያሳጠርክ ሂድ። ወደ 17.5 ሜትር ላይ ይደርሳል ብዬ እገምታለሁ። ግን ግምቴን ትተህ መሣሪያውን እመን፤ የኬብሉ የውስጥ አረፋ እንደየፋብሪካው ይለያያል። እግረ መንገድህን ኬብልህ ምን ዓይነት እንደሆነም ታውቃለህ። ፍሪኩዌንሲውን በሜጋኸርዝ፣ ርዝመቱን በሜትር አድርገህ አባዛ፤ በ4 አባዝተህ ለ300 አካፍል። የሚመጣው ሞገዱ በኬብሉ ውስጥ ከብርሃን ፍጥነት ስንት እጁን እንደሚሄድ ነው። 0.83 አካባቢ ከመጣ የተለመደው የዲሽ ኬብል ነው። 0.66 ከሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ነው፤ እንደ አርጂ-58 ያለ።

አንድ ነገር ልጨምር። በገበያ ያለው የዲሽ ኬብል መረብ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሊድ አይበየድም፤ ብትታገለውም ለጊዜው የያዘ መስሎህ ዝናብ ሲመጣ ይለቃል። የዲሽ ሠሪዎቹን ኤፍ ኮኔክተር ተጠቀምና በአዳፕተር ቀጥለው። አንቴናው ጋ ደግሞ መረቡን ሰብስበህ በብሎንና በዋሸር አጥብቀህ እሰረው። ከዚያ ጫፉን በናስትሮ ደህና አድርገህ ጠቅልል። የደሴ ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ። በኬብል ጫፍ የገባ ውሃ በመረቡ እየተሳበ ብዙ ሜትር ወደ ውስጥ ይሄዳል። ውሃ የገባበት ኬብል ኃይል ይበላል። የሚያሳስተው ደግሞ ኃይል የሚበላ ኬብል ጥሩ ኤስደብሊውአር ማሳየቱ ነው። የላክኸው ኃይል እየሄደም እየተመለሰም ኬብሉ ውስጥ ይቀራል፤ መሣሪያው ደግሞ የሚመለስ ነገር ሲያጣ «ጥሩ ነው» ይልሃል። ምንም ሳታደርግ ኤስደብሊውአሩ በድንገት ካማረልህ መደሰትህን አቁመህ ኬብሉን ፈትሽ።

ስለ እጅህ ደግሞ። መሣሪያውን ስትይዘው መስመሩ የሚንቀሳቀሰው የኬብሉ የውጭ ገጽ የአንቴናው አካል ስለሆነ ነው። ዳይፖል ሁለት እኩል ክንድ አለው፤ ኮአክሲያል ኬብል (መሐል ሽቦና መረብ ያለው፣ እንደ አንተ የዲሽ ኬብል) ግን ሁለቱን እኩል አያይም። ከመረቡ ጋር የተያያዘው ክንድ ላይ የሚፈሰው ጅረት ከፊሉ በመረቡ ውጭ ተመልሶ ወደ ቤትህ ይወርዳል። እጅህ፣ ኮምፒውተሩ፣ የቻርጀሩ ገመድ ሁሉ አንቴና ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ስትለካ መሣሪያውን በራሱ ባትሪ ብቻ አሠራው። ከኮምፒውተርም ከፓወር ባንክም ነቅለህ።

መፍትሔው ቾክ ነው፤ በመረቡ ውጭ የሚወርደውን ጅረት የሚያግድ ጥቅል። ልክ አንቴናው ኬብሉን የሚቀበልበት መሐል ላይ ራሱን ኬብሉን 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ 10 ዙር አድርገህ ጠቅልል። ወደ 4.7 ሜትር ይወስድብሃል፤ ይህ ከ17.5ቱ ውስጥ ነው እንጂ ተጨማሪ አይደለም። ዙሮቹን ጎን ለጎን በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰራቸው፤ እንደ ክር ኳስ ተዘበራርቀው እንዳይቀመጡ። ከዚህ አጥብበህ አትጠቅልለው፣ አረፋው ይጨፈለቃል። ፈራይት (መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ቀለበት ካገኘህ የተሻለ ነው፤ ለዚህ ባንድ ሚክስ 31 የሚባለው ተመራጭ ነው። ካላገኘህም የኬብሉ ጥቅል ለአንድ ባንድ ይበቃል። ከሰቀልከው በኋላ መሣሪያውን ያዘው፣ ልቀቀው፣ እንደገና ያዘው። መስመሩ ዝም ካለ ተሳክቶልሃል።

ቀጥሎ ቆርቆሮው። አንድ ሜትር ተኩል በጣም ቅርብ ነው። የ7.1 ሞገድ 42 ሜትር ነው፤ ከዚያ አንጻር አንቴናህ ቆርቆሮው ላይ የተኛ ያህል ነው። ሲቀርብ ፍሪኩዌንሲው ይዛባል፣ አሩ ከ50 በጣም ይወርዳል፣ የሚሠራበት ስፋትም ይጠባል። አጣና ፈልግና መሐሉን 8 ወይም 9 ሜትር ላይ ስቀለው፤ ሁለቱን ክንዶች እንደ ተገለበጠ ቪ ወደ ታች ዘርጋቸው። በመሐላቸው ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ አይነስ። የክንዶቹ ጫፎች ሰው እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ ስታስተላልፍ ከፍተኛው ቮልቴጅ ያለው ጫፉ ላይ ነው። አጣናው ቢወድቅ እንኳ የመብራት መስመር የማይነካበት ቦታ ምረጥ።

ከዚያ በላይ ለመውጣት አትጨነቅ። ደሴ በተራራ የተከበበች ናት፤ ጦሳ በአንድ በኩል፣ ወደ እኛ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሐረጎ። በእጅ ሬዲዮ በ2 ሜትር ባንድ እነዚህን ማለፍ ይከብዳል። በ40 ሜትር ግን ዝቅ ያለ ዳይፖል ሞገዱን ወደ ላይ ይልከዋል፤ አየኖስፌር የሚባለውን የላይኛውን የከባቢ አየር ክፍል መትቶ ይመለሳል። ተራራው አያገኘውም። አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀን ቀን በደንብ ይደርሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩን ጣቢያ፣ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ የሆነውን፣ ለማግኘት ከሆነ የምትደክመው፣ 20 ሜትር ከፍታ አያስፈልግህም።

አሁን ነው ወደ ሽቦው የምንመለሰው። ቀመሩ የተሠራው ለባዶ ሽቦ ነው። የመብራት ሽቦ የፕላስቲክ ልብስ አለው፤ ልብሱ ሞገዱን ያዘገየዋል። በዚህ ብቻ ሽቦው ከ3 እስከ 5 በመቶ ማጠር አለበት። አዲሱን ርዝመት ለማግኘት የአሁኑን ርዝመት በለካኸው ፍሪኩዌንሲ አባዝተህ ለምትፈልገው አካፍል። ባለፈው ንባብህ ብንሄድ 20.14 በ6.78 ተባዝቶ ለ7.1 ሲካፈል 19.23 ሜትር ይመጣል። ከየክንዱ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ግን ይህን ቁጥር እንዳትጠቀምበት! ኬብሉን፣ ቾኩንና ከፍታውን ካስተካከልክ በኋላ አዲስ ንባብ ውሰድና በእሱ አስላ።

ያኔም ቢሆን አትቁረጥ። የተረፈውን ወደ ኋላ እጠፍና ከራሱ ሽቦ ጋር አስጠግተህ በናስትሮ እሰረው። ከተቆረጠ ጋር ፍጹም እኩል ባይሆንም በጣም ይቀራረባል። ዛሬ የቆረጥከው ሽቦ ነገ አይቀጠልም፤ የታጠፈ ግን ይዘረጋል። ሁለቱንም ክንዶች እኩል እጠፍ። በየጊዜው 10 ሳንቲ ሜትር እያልክ ለካ።

ኤስደብሊውአር 1.0 ካላየሁ ብለህ ደግሞ ቀንህን አትግደል። ኤክስ 7.1 አካባቢ ዜሮ ላይ ካለፈና አሩ ከ40 እስከ 75 መካከል ከሆነ ኤስደብሊውአሩ ከ1.5 አያልፍም። ሬዲዮህ በዚህ ደስተኛ ነው፤ አንተም ሁን። ዝቅተኛው ኤስደብሊውአርና የኤክስ ዜሮ ትንሽ ቢለያዩም አትደንግጥ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም።

ስለ አጠቃቀሙ ሁለት ነገር ብቻ። ሬዲዮና አናላይዘር በአንድ ጊዜ አንድ ኬብል ላይ አይገጠሙም። ፒቲቲውን (የሬዲዮውን ማስተላለፊያ ቁልፍ) አንዴ ከነካህ ናኖ ቪኤንኤው አለቀለት። ሁለተኛው፣ ረጅም ሽቦ አየር ላይ ተዘርግቶ ሲቆይ ቻርጅ ይሰበስባል፤ በተለይ ደመና ሲጠቁር። ኬብሉን መሣሪያው ላይ ከመግጠምህ በፊት የኮኔክተሩን መሐል ፒን ከውጭው ብረት ጋር በካቻቢቴ ለአፍታ አገናኘው። ነጎድጓድ በሩቁ ከሰማህ ግን ካቻቢቴውም አያድንህም። ኬብሉን ነቅለህ ከቤት ውጭ አድርገውና መለካቱን ለሌላ ቀን አቆየው።

ይህን ሁሉ አድርገህ 7.1 ላይ አልቀመጥ ካለህ፣ በ6.9፣ በ7.1 እና በ7.3 ላይ ያሉትን የአር እና የኤክስ ቁጥሮች ጻፍልኝ። የመሐሉን ከፍታና በክንዶቹ መካከል ያለውን ማዕዘንም ጨምር።