ሐዋሳ ላይ የቤተሰብ ፎቶ፦ ቅዳሜ 11 ሰዓት ወይስ ዓርብ ጠዋት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ልድገመውና ልመልስልሽ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ሐሙስ ሐዋሳ ገብታችሁ ሰኞ ትመለሳላችሁ። 9 ናችሁ፤ እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሁለቱ ልጆች 5 ዓመት አልሞላቸውም፣ የያዛችሁት ሪዞርት ዋናና የልጆች መጫወቻ አለው። ፎቶ አንሺው «ቅዳሜ 11 ሰዓት ሐይቁ ዳር» ብሎሻል፣ ጥሩ ነው ወይ ነው ያልሽው። ጥሩ አይደለም፤ ቀኑም ሰዓቱም።

ከቀኑ ልጀምር። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ዋናው የሠርግ ወቅት ነው። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ቅዳሜ ገና በጠዋቱ ሙሽራዋ ሜካፕ የምትሠራበት ቦታ ነው ያለው፤ ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹን ይዞ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። 11 ሰዓት ብሎ ሲቀጥርሽ እዚያው ደርቦ ሊያነሳችሁ አስቦ ይሆናል። ስልክ ደውለሽ «የዛን ቀን ሌላ ሥራ አለህ ወይ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። ባይኖረውም እንኳ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ጥሩ ጥሩው ቦታ ሁሉ በሚዜ የተያዘ ነው፤ ከኋላችሁ የማታውቁት ሠርግ የሌለበት አንድ ፎቶ ለማግኘት ወረፋ ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ቅዳሜን ሲያነሳ ያመሸ ሰው በሰዓቱ ይደርሳል ብለሽ አትጠብቂ። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት አድርጊው፣ ሰኞ ጠዋትን መጠባበቂያ አስይዢ። ጉዞውን ማዛወር ከቻልሽ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ብትመጡ ሁሉም ነገር ይቀላል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ፎቶ አንሺውም ሐይቁ ዳርም ነፃ ናቸው። በሌላ ጊዜ ለምትመጡ ደግሞ፦ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ አልጋም መንገድም ይጨናነቃል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ማታ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ የቆመ ሰው ፀሐይዋንም ከኋላው አድርጓል ማለት ነው። ካሜራው ለሰማዩ ሲስተካከል ፊት ይጠቁራል፣ ለፊት ሲስተካከል ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ያ ሁሉ ወርቃማ ቀለም የለም። ይህ በፍላሽ ይስተካከላል፤ ለሙሽራና ለሙሽሪት አንድ ፍላሽ ይበቃል። 9 ሰው ግን 3 ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ በአንድ ፍላሽ መሃል ያሉት በርተው ዳርና ዳር ያሉት ደብዝዘው ይወጣሉ። ሁለት ፍላሽና አንድ ረዳት ይዞ የሚመጣ ከሆነ ማታም ይሆናል፤ ካልሆነ አይሆንም።

ሌላው የማታ ችግር ፍጥነቱ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ጥር መጀመሪያ ካለፈ በኋላ 12:30 አካባቢ ትጠልቃለች፤ ጥሩ የሚባለው ለስላሳ ብርሃን ከዚያ በፊት ያለው 40 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከጠለቀች 20 ደቂቃ በኋላ ይጨልማል። አንድ ልጅ ሽንት ቤት ካለ፣ አንዱ ካኮረፈ፣ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ስለሚነሳ ነጠላ ፊት ላይ ይጠመጠማል፤ ሲመሽ ደግሞ ትንኙ ልጆቹን አያስቆምም። ቀኑን ሙሉ ዋና የዋለ የ3 ዓመት ልጅ 11 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ጠዋት ግን ሁሉም የተገላቢጦሽ ነው። ፀሐይዋ 12:45 አካባቢ ትወጣለች፣ ሕንፃውንና ዛፉን አልፋ ዳርቻው ላይ እስክትደርስ 1 ሰዓት ይሆናል። ከ1:00 እስከ 2:15 ሐይቁ ረግቶ ተኝቷል፣ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ነው፣ ልጆቹ አልደከሙም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲመጣ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። መፍትሔው ፎቶ አንሺው መላውን ቡድን በትንሹ አዙሮ ፀሐይዋ በአንድ ትከሻ በኩል እንድትመጣ ማድረግ ነው፤ ከዚያ «ሁላችሁም ዓይናችሁን ክደኑ፣ ሦስት ስል ግለጡ» ይበል። ከ2:30 በኋላ ጥላው ከዓይን ሥር መጥቆር ይጀምራል። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ጭራሽ እርሺው፤ «ዛፍ ሥር እናነሳለን» የሚልም አለ፣ ግን በሾላ ቅጠል መሃል የሚያልፈው ፀሐይ ፊትንና ነጭ ቀሚስን ነጠብጣብ ያደርገዋል። የግድ ከሆነ ጥላው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ ፊትን ወደ ክፍቱ አዙሮ መቆም ይሻላል።

የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ካማራችሁ ቅዳሜ ማታ በስልካችሁ አንሱት። ጥቁር ጥላ ሆኖ ነው የሚያምረው፣ ለዚያ ገንዘብ አይከፈልም።

ቦታን በተመለከተ ለእናትሽ ስትዪ የሪዞርቱን ግቢ ምረጪ። ሣር አለ፣ ወንበር አለ፣ ሽንት ቤት ቅርብ ነው። ብዙ ሆቴሎች ግን በትልቅ ካሜራ ለሚነሳ ፎቶ ለብቻ ያስከፍላሉ ወይም አስቀድሞ ማሳወቅ ይፈልጋሉ፤ አልጋ ስትይዢ ጠይቂና ፈቃዱን በጽሑፍ ላኩልኝ በያቸው። በር ላይ ከጥበቃ ጋር የሚባክነው 20 ደቂቃ ከጥሩው ብርሃን ላይ ነው የሚቀነሰው። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ በጠዋት ጭር ያለና ሜዳ ስለሆነ ሁለተኛ ምርጫ ይሁን። ታቦር ተራራን ተይው፤ ከላይ የሚታየው ያምራል፣ አቀበቱ ግን ለጉልበት ሕመም አይሆንም። አሞራ ገደል፣ የአሣ ገበያው፣ በጠዋት ከአሣ አጥማጆቹ ጋር ሕያው ነው፣ ልጆችም ይወዱታል፣ ግን ከፎቶው በኋላ ልብስ ቀይራችሁ ሂዱ። እዚያ መሬቱ እርጥብ ነው፣ የአሣ ቅርፊት ጥለት ላይ ከተለጠፈ አይለቅም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ያረፉበት ዛፍ ሥር ደግሞ በነጭ ልብስ ማንም እንዳይቆም፤ ከላይ የሚለቁት እንደ ኖራ ነው። ለልጆቹ ሙዝ በእጅ አታስይዢ፣ ጦጣው ከነጣታቸው ነው የሚጎትተው።

የሐሙሱንና የዓርቡን ሰዓት እንዲህ አድርጊው። ሐሙስ ከአዲስ አበባ በጠዋት ውጡ፤ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከልጅና ከአዛውንት ጋር ቆም ቆም እያላችሁ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያዙለት። በዚያ ቀን ዋና የለም። ይህን ልጆቹ አይወዱትም፣ ግን የገንዳ ክሎሪን ዓይን ያቀላል፣ ፀሐዩም አፍንጫ ይልጣል፤ ሁለቱም በኤዲት ለማጥፋት አስቸጋሪ ናቸው። መጫወቻው ይበቃቸዋል። ልብሱን ማታውኑ አስተኩሳችሁ ስቀሉ፤ የሐበሻ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ውሎ ካደረ የእጥፉ መስመር ፎቶ ላይ ይታያል፣ ጠዋት ደግሞ የሆቴሉ ካውያ እጃችሁ ላይገባ ይችላል። የልጆቹን ሹሩባ ረቡዕ አሠሪ። የዕለቱ ዕለት የተሠራ ሹሩባ ግንባር ይወጥራል፣ ልጁም እያለቀሰ ነው የሚነሳው።

ዓርብ 12 ሰዓት ተነሱ፤ የሆቴሉ ቁርስ እስኪደርስ አትጠብቁ። ዳቦና ወተት ወይም በሶ ለልጆቹ በክፍላችሁ ስጡ፣ በድሮ ቲሸርት፤ ልብሱን ከበሉ በኋላ አልብሷቸው። የጥር ጠዋት ሐዋሳም ይበርዳል፤ ለእናትሽ ጋቢ፣ ለልጆቹ ሹራብ ያዙና በየመሃሉ ደርቡላቸው። የቀዘቀዘ ልጅ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፣ ፎቶ ላይ አንገት የሌለው ይመስላል። 12:50 ሁሉም ቦታው ላይ ይሁን።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ 9 ኙ በአንድ ላይ፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚታዘዙት የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ቀጥሎ እናትሽ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር፣ ከዚያ እናትሽ ከልጆቻቸው ጋር፤ ከዚያ እሳቸው ቁጭ ይበሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ባልና ሚስት ከነልጆቹ፣ በመጨረሻ ልጆቹ ብቻቸውን እየሮጡ። ለእያንዳንዱ ቅንብር 3 ደቂቃ ብትይዢ 8 ቅንብር 24 ደቂቃ ነው፤ ከመዘዋወሩ ጋር 45 ደቂቃ ይሆናል። ዝርዝሩን ጽፈሽ ለፎቶ አንሺው ሳይሆን ለአንድ ጮክ ብሎ ለሚጠራ ወንድም ስጪ፤ ፎቶ አንሺው ማን የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም። የቡድኑ ፎቶ ላይ እናትሽ መሃል ወንበር ላይ፣ ትንንሾቹ ጭን ላይ፣ የቀሩት ከኋላ ተጠጋግተው ይቁሙ። ሌንሱን በጣም ሰፊ እንዳያደርገው ንገሪው፤ ዳር የቆመው ሰው ይለጠጣል፣ ይወፍራልም። በ50 ሚሊሜትር አካባቢ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 ወይም 8 አድርጎ ያንሳ፤ በኤፍ 1.8 ካነሳ የፊተኛው ረድፍ ጥርት ብሎ የኋለኛው ይደበዝዛል። ለሚሮጡት ልጆች የሹተሩ ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ እንዳይወርድ። ይህን ስትነግሪው ከተቆጣ፣ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ሰው ቀይሪ።

ስለ ልብስ አጭር ልበል፦ የሁላችሁም ጥለት አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፣ አንድ ቀለም ግን ይጋሩ፤ ነጠላ በመርፌ ቁልፍ ትከሻ ላይ ይያዝ።

ቀብድ ከመላክሽ በፊት በጽሑፍ የምትስማሙበት ነገር፦ ስንት ኤዲት የተደረገ ፎቶ፣ በስንት ቀን፣ ያልተመረጡትም ይሰጣሉ ወይ፣ ቢዘንብ ወይም ልጅ ቢታመም ወደ ሰኞ ይዛወራል ወይ፣ ልጆቹን በገጹ ላይ ይለጥፋል ወይ። ድሮን አመጣለሁ ካለ ፈቃዱን ጠይቂ፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም። ቀንና ሰዓቱን ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊው። በተለይ ከውጭ የሚመጣ ወንድም ካለ፣ «ጥር 12» ብለሽ የላክሽለት እሱ ጋ ጃንዋሪ 12 ይሆናል፤ ያ በኛ ጥር 4 ነው። «7 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ደግሞ ፎቶ አንሺው ጋ የምሳ ሰዓት ነው። «ጠዋት 1 ሰዓት፣ በነሱ 7:00» ብለሽ ጻፊው።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ሲልክልሽ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል እንዲልክ ንገሪው። በፎቶ የተላከው ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ ስልክ ላይ ያምራል፣ ለግድግዳ ሲታተም ግን ይፈርሳል። ሐዋሳ ከሆናችሁ በፍላሽ ዲስክ ተቀበሉትና ቀሪውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስቱን ከፍታችሁ፣ የኋላውን ረድፍ ዓይን አጉልታችሁ እዩ።