ልጆችን አማተር ሬዲዮ ስታስተምር ቪዲዮው መቼ ይምጣ?

ሰላም ወንድሜ። ለትልልቅ ሰዎች በሰሌዳና በፎርሙላ ስታስተምረው የቆየኸውን አማተር ሬዲዮ (ሰዎች ለሥራ ሳይሆን ለፍላጎታቸው በራሳቸው ጣቢያ የሚነጋገሩበትን)፣ በዚህ ክረምት ደሴ ላይ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ልታስተምር እንደሆነ ጽፈሃል። «ሁሉንም ወደ ቪዲዮ ልቀይረው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በዚሁ ዕድሜ ያሉ ልጆች አስተምራለሁ። አትቀይረው እልሃለሁ። ቪዲዮ ያስፈልጋል፤ የሚጠቅመው ግን ልጁ በእጁ ነካክቶ ጥያቄ ከያዘ በኋላ ነው። ቀድሞ ከመጣ አይቶት ያልፋል፣ በማግስቱ ይረሳዋል።

ከሞርስ፣ ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ ከመላክ ዘዴ፣ ጀምር። ጊዜው ያለፈበት ነው የሚሉ አሉ፤ ለልጅ ግን ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላየሁም። እየተጫኑ ድምፁን የሚልኩበትን ቁልፍ ለመሥራት ከቲማቲም ጣሳ ጣት የምታህል ቆርቆሮ ቁረጥ። ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፣ አለዚያ እጅ ትቆርጣለች። አንዱን ጫፍ እንጨት ላይ በሚስማር ምታ፤ በሌላው ጫፍ ሥር ሌላ ሚስማር ይኑር። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦ፣ ከተበላሸ መጫወቻ የተነቀለች ጢጥ የምትል ዕቃ ካለህ አለቀ።

የኢትዮጵያ አማተር ጣቢያዎች መጠሪያ የሚጀምረው «ኢ» እና «ቲ» በሚባሉት የላቲን ፊደላት ነው። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ያለው የክለብ ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ይባላል። በሞርስ «ኢ» አንድ አጭር፣ «ቲ» አንድ ረጅም ድምፅ ናት። ልጆች ይቸኩሉና ሁለቱን ያጣብቋቸዋል። ከግድግዳው ማዶ የሚያዳምጠው ልጅ ታዲያ «ኤ» ብሎ ይጽፋል፤ አጭርና ረጅም ሳይለያዩ ሲመጡ «ኤ» ናቸውና። «እኔ ኢቲ ነው የላክሁት!» «የሰማሁት ኤ ነው! ቲቸር፣ ንገረው!» ይባባላሉ። አትፍረድ፤ ተዋቸው። በፊደላት መሀል ያለችው ዕረፍት ምን እንደምትሠራ ራሳቸው ይደርሱበታል። ጎበዝ ኦፕሬተር ሲልክ የሚያሳየውን አጭር ቪዲዮ ያን ጊዜ ክፈትላቸው። ዓይናቸውን አይነቅሉም።

አንቴናም እንዲሁ ነው። የብዙ ሞባይሎች ኤፍኤም የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ እንደ አንቴና ይጠቀማል። ይንቀሉትና ይዩ። ቀጥሎ አንቴናው የተሰበረ አሮጌ ሬዲዮ ፈልግ፣ ደከም ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ያዝ፣ ስባሪው ላይ ሽቦ እሰር። አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር እያሉ ያስረዝሙት። ድምፁ መቼ እንደሚጠራ ያዳምጡ። የሞገዱን ርዝመት በሜትር ለማግኘት 300ን ለጣቢያው ሜጋኸርዝ፣ ለምሳሌ ለ100፣ ማካፈል ከዚያ በኋላ ይመጣል፦ ሞገዱ 3 ሜትር፣ ለአንቴና የሚሆነው ሩቡ 75 ሳንቲሜትር። ሽቧቸው ልክ እዚያ ላይ ባይወድቅም ፎርሙላው ከየት እንደመጣ ይገባቸዋል።

ደግሞ የኛ አገር አቀማመጥ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱ ግን 600 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሚኒባስ የሚወርድ ልጅ ካለ ኤፍኤም ከፍቶ ድምፁ የትኛው ጥምዝ ላይ እንደሚቆራረጥ በስልኩ ይቅረጽ። የኤፍኤም ሞገድ የጦሳን ተራራ ሰንጥቆ አያልፍም። ታዲያ ማታ በአጭር ሞገድ የውጭ አገር ጣቢያ እንዴት ይገባል? እዚህ ላይ እጅ አይደርስም። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን፣ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰውን የከባቢ አየር ንብርብር ማንም አይነካውም። ቪዲዮ በደንብ የሚሠራው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አብዛኛው ቪዲዮ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ድምፁን ዘግቼ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። ውጤቱ ሊታይ ሲል አቁመውና «አሁን ምን ይሆናል?» በላቸው። ኔትወርክ እንዳትጠብቅ ቀድመህ አውርደው። ከሁሉ በላይ የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው ይቅረጹ፤ ካሜራ ፊት የሚያስረዳ ልጅ ያልገባውን መደበቅ አይችልም።

ለማሰራጨት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከመጀመሪያው ቀን ንገራቸው። እስከዚያው ኔዘርላንድ የሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የከፈተው መቀበያ አለ፤ በአንድ ስልክና በአንድ ስፒከር ክፍሉ በሙሉ የአማተሮችን ንግግርና ሞርስ መስማት ይችላል። ማታ በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ፈልግ። የጣሳውን ቁልፍ የሠሩት ልጆች ሞርሱን ወዲያው ይለዩታል። ያወረድኳቸውን ቪዲዮዎች ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ኮምቦልቻ ከወረድክም ፍላሽ ይዘህ ና።