ሰፊ ጎማ ዳገት ላይ ያዘገየኛል ወይ ብለህ ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 29 ኢንች የክሮስ ካንትሪ (ዳገትና ቁልቁለት ባለው የተራራ መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ብስክሌት አለህ፤ የቸርኬው የውስጥ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከብስክሌቱ ጋር የመጣው 2.1 ኢንች ጎማ ጥርሱ አልቋል፤ ክብደትህ 78 ኪሎ ነው። ብዙ አየር የሚይዝና ፈጣን የሆነ ጎማ ፈልገሃል፤ ሰፊው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይጎትተኛል ብለህ ደግሞ ሰግተሃል። ስጋቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ለዓመታት ይዤው ነድቻለሁ።

እኔ የጀመርኩት የተራራ ብስክሌት ቸርኬ ሁሉ 26 ኢንች በነበረበት ጊዜ ነው። ክሮስ ካንትሪ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ሲገባ ተወዳዳሪዎቹ የሚነዱት 2 ኢንች አካባቢ በሆነ ጎማ ነበር፤ ቀጭን፣ በአየር የተወጠረ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ የማይል። ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው የሚለውን እምነት የወረስነው ከአስፋልት ነው። አስፋልት ላይ ሐሰት አይደለም። ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቅና መልሶ ይቃናል፤ ላስቲክ ግን የተቀበለውን ጉልበት በሙሉ አይመልስም፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አየር ስትጨምር የሚጨፈለቀው ስለሚያንስ የሚባክነውም ያንሳል። ነገሩ የሚገለበጠው የዛፍ ሥርና ጠጠር ላይ ስትደርስ ነው። የተወጠረ ጎማ ጠጠሩን ወደ ውስጡ መቀበል ስለማይችል አንተንም ብስክሌቱንም አንሥቶ በላዩ ያሻግራችኋል። በእያንዳንዱ ጠጠር ለሚደረገው ለዚህ መነሣት የሚከፍለው እግርህ ነው።

ይህን በወሬ ብቻ ስላላመንኩ አንድ ቀን ሣር የለበሰና ጉብጉብ ያለ ተዳፋት መረጥኩ። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ እነሣና ፔዳል ሳልመታ፣ ፍሬን ሳልነካ እወርዳለሁ፤ ብስክሌቱ በራሱ ጊዜ በቆመበት ቦታ እንጨት እተክላለሁ። መጀመሪያ በ32 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)፣ ቀጥሎ በ26፣ በመጨረሻ በ20፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። የ20ዎቹ እንጨቶች ከሁሉም ርቀው ቆሙ። እኔን የገረመኝ ግን የተሰማኝ ነገር ነው። በ32 እየተንቀጠቀጥኩ ስወርድ የምበር መስሎኝ ነበር፤ በ20 ሁሉም ነገር ጸጥ ስላለ የዘገየሁ መሰለኝ። እንጨቶቹ ባይኖሩ ኖሮ እስከ ዛሬ ከስሜቴ ጋር በወገንኩ።

አሁን ወደ ስፋቱ። ከ2.1 ወደ 2.35 ስትሄድ ስፋቱ የሚጨምረው 12 በመቶ ነው፤ በውስጡ የሚይዘው አየር ግን 25 በመቶ ያህል ያድጋል። ሌላም ነገር አለ፤ ጎማው በሰፋ ቁጥር በተመሳሳይ ግፊት ቆዳው ይበልጥ ይወጠራል። 2.1 ጎማ ላይ በ26 ፒ.ኤስ.አይ. የለመድከውን ጥንካሬ 2.35 ላይ የምታገኘው በ23 አካባቢ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ጎማ ይገዛል፣ የድሮውን ያህል አየር ይነፋበታል፣ ከዚያ እንደ ኳስ ነጠረብኝ ብሎ ወደ ጠባቡ ይመለሳል።

ዳገቱንስ? ሰፊው ጎማ ለሁለቱ ተደምሮ 200 ግራም ይበልጣል እንበል። አንተና ብስክሌትህ አንድ ላይ 90 ኪሎ ገደማ ናችሁ። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ግማሽ ሰዓት ስትወጣ ያ 200 ግራም የሚያስከፍልህ ወደ 4 ሰከንድ ነው። የሚሽከረከር ክብደት ከሌላው ይብሳል የሚሉህ ሰዎች አልዋሹም፤ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ ግራም ፍጥነት በምትጨምርበት ቅጽበት እንደ ሁለት ግራም ይቆጠራል። በአንድ ፍጥነት ስትወጣ ግን ግራም ያው ግራም ነው። ዳገቱ ሥርና ልቅ ድንጋይ ካለበት ደግሞ ያችን 4 ሰከንድ የኋላ ጎማህ አንድ ጊዜ ተንሸራትቶ እግርህን መሬት ስታደርግ ብቻ ታጣታለህ።

ስፋት ብቻውን ግን ጎማን ፈጣን አያደርግም። 2.4 ሆኖ እንደ ጭነት መኪና ጎማ የሚጎትት አለ። ከሁሉ በፊት የምታየው ቆዳውን ነው፤ ከጥርሱ ሥር ያለውን፣ በክር የተሸመነውን ክፍል ማለቴ ነው። በኢንች 60 ክር ያለው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ 120 አካባቢ ያለው ቀጭንና እንደ ጨርቅ የሚታዘዝ ነው። ቁጥሩን ብቻ አትመን፤ ሦስት ንጣፍ ደምሮ 180 ብሎ የሚጽፍ አምራችም አለ። ከቻልክ ያልተገጠመውን ጎማ ያዝና ጎኑን በሁለት ጣት ቆንጥጠህ እጠፈው። በቀላሉ የሚታጠፍልህና ስትለቀው ሳይቸኩል የሚመለሰው ጥሩ ይንከባለላል። ካርቶን የምታጥፍ ከመሰለህ መልሰህ አስቀምጠው።

ቀጥሎ የላስቲኩ ዓይነትና ጥርሱ ነው። በጣም ለስላሳና የሚጣበቅ ላስቲክ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያድንሃል፤ ደረቅ መንገድ ላይ ግን ጉልበትህን ይበላል። ጥርስን በተመለከተ መሐሉ ዝቅ ያለና የተቀራረበ፣ ዳሩ ከፍ ያለና የተራራቀ እፈልጋለሁ፤ ቀጥ ብለህ ስትነዳ የምትሄደው በመሐሉ ነው፣ መታጠፊያ ላይ የሚይዝህ ዳሩ ነው።

በስም ካልነገርከኝ ማለትህ አይቀርም። የቪቶሪያ ሜዝካል መሐሉ ላይ ትናንሽ ጥርሶች ሳይቋረጡ የተደረደሩበት ነው፤ ለኋላ ከነዳኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው፣ ቶሎም አያልቅም። የኮንቲኔንታል ሬስ ኪንግ 2.2 ተብሎ ቢጻፍበትም ክብና አየር የጠገበ ነው፤ ጎማን በሚሽከረከር የብረት ከበሮ ላይ እያስኬዱ በሚደረጉ የመንከባለል ፈተናዎችም ሁልጊዜ ከፊተኞቹ መካከል ይገኛል፤ እርጥብ ሥር ላይ ግን እተማመንበታለሁ አልልም። የማክሲስ አስፐን ደረቅና ጠጣር መሬት ላይ በጣም ፈጣን ነው፤ 2.4ቱ የተሠራው 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ ቸርኬ ስለሆነ ላንተ አይመቸኝም። የሽዋልቤ ሬሲንግ ሬይና ሬሲንግ ራልፍ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ሬይ ለፊት፣ ራልፍ ለኋላ። የዚያው የሽዋልቤ ተንደር በርት መሐሉ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ በበጋ ከኋላ ደስ ይላል፣ ዝናብ ሲመጣ አውልቀው። እኔ አሁን የምነዳው ከፊት ሬይ፣ ከኋላ ሜዝካል አድርጌ ነው። ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው የሚል ሕግ የለም። የፊቱ ከተንሸራተተ ትወድቃለህ፤ የኋላው ከተንሸራተተ ትደነግጣለህ። ስለዚህ ፍጥነት የምትፈልግ ከሆነ ከኋላው ላይ ፈልግ።

ቅለትን በተመለከተ የራሴን ሞኝነት ልንገርህ። አንድ ጊዜ ከሁሉም ቀላል የሆነውን፣ የጎን ግድግዳው ብርሃን የሚያሳልፍ የሚመስለውን ጎማ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ስለታም ድንጋይ በጎኑ በኩል ሳመው። ፉጨት ሰማሁ፤ ቀጥሎ ነጩ ደፋኝ ፈሳሽ፣ ቀዳዳ እንዲደፍን ጎማው ውስጥ የሚጨመረው፣ ባቴ ላይ ተረጨ። ቀዳዳው ሁለት ጣት ያስገባ ነበር፤ እንኳን ፈሳሹ ልጥፉም አልያዘውም። ብስክሌቱን እየገፋሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጓዝኩ። ቀጭን ቆዳ ፈልግ ያልኩህ እኔው ነኝ፤ መንገድህ ድንጋያማ ከሆነ ግን የጎኑ መከላከያ ያለበትን ዓይነት ያዝ፤ ለአንድ ጎማ ከ50 እስከ 100 ግራም ቢጨምርም አይቆጭህም።

ከመነዳሪ ትጠቀም እንደሆነ አልጻፍክም። እየተጠቀምክ ከሆነ ይህ ሁሉ ምክር ግማሹን ያጣል። በዝቅተኛ ግፊት ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ እንደ እባብ ንክሻ ሁለት ጎን ለጎን የሆነ ቀዳዳ ያወጣል፤ ያንን ስትፈራ አየር ትጨምራለህ፤ አየር ስትጨምር ለምን ሰፊ ጎማ እንደገዛህ ይጠፋሃል። ቸርኬህ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ቲዩብለስ፣ ማለትም ከመነዳሪ ወደሌለው ጎማ፣ ዙር። ለእያንዳንዱ ጎማ 100 ሚሊ ሊትር ደፋኝ ፈሳሽ ይበቃል፤ በየሁለት በየሦስት ወሩ ከፍተህ እየው፤ ይደርቃል።

ስለ አየር ልክ ደግሞ ልጨቅጭቅህ። ትልቁ መንፊያ ላይ ያለው መለኪያ ብዙ ጊዜ እስከ 160 ፒ.ኤስ.አይ. ያሳያል፤ በ20 አካባቢ መርፌው ገና መነቃነቅ መጀመሩ ነው። በዚህ ግፊት ላይ የ3 ፒ.ኤስ.አይ. ስህተት ማለት 15 በመቶ ማለት ነው። ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ያዝ፤ ለእኔ ከማንኛውም ጎማ የበለጠ ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። በክብደትህ ከፊት በ21፣ ከኋላ በ23 ጀምር። የምታውቀውን አንድ አጭር መንገድ ደጋግመህ ንዳ፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ቀንስ። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከሰማህ፣ ወይም መታጠፊያ ላይ ጎማው ከሥርህ ሲጣመም ከተሰማህ፣ አንድ ወይም ሁለት መልሰህ ቁም። እኔ ካንተ በ4 ኪሎ እቀላለሁ፤ ከፊት 18፣ ከኋላ 20 ላይ ነው የቆምኩት። አስፋልት የሚበዛበት ቀን ከሆነ 4 ወይም 5 ጨምርና ዱካው ጋ ስትደርስ አስተንፍስ።

ስለ ጭቃ ብዙ የምለው የለኝም። ዝቅ ያለ ጥርስ ያለው ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይሞላል፣ ይሽከረከራል። የዝናብ ወቅት ሌላ ጎማ ይፈልጋል።

ስለዚህ ላንተ የምለው 2.35 ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ቅርጹን ይጠብቃል። ነገር ግን ከመግዛትህ በፊት ብስክሌቱን ገልብጥና በኋላ ጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጎን ለካ። አዲሱ ጎማ በየጎኑ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወስድብሃል፤ ከዚያም በኋላ ቢያንስ 6 መትረፍ አለበት፤ አለበለዚያ ትንሽ ጭቃ ወይም የተጣመመ ቸርኬ ፍሬሙን ይልጠዋል። ከፊት ሹካው ላይም እንዲሁ አድርግ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውንም አንብብ፤ 57-622 የሚል ካየህ የመጀመሪያው ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙሪያ ዲያሜትር ነው፤ ለ29 ኢንች ሁልጊዜ 622 መሆን አለበት። የለካኸውን ቁጥር ጻፍልኝ። ዛሬ በየጎኑ 9 ሚሊ ሜትር ከሌለህ ሐሳቤን ቀይሬ 2.25 ግዛ እልሃለሁ።