ማሞቂያውን ከመለወጥህ በፊት ኮርኒሱን እይ

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። ሳሎናቸው ውስጥ ባለ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። አባቱ «ታፈንኩ» እያሉ መስኮት ይከፍታሉ፤ እናቱ ጋቢ ደርበው «እግሬ በረዶ ሆነ» ይላሉ። አባት የለጋምቦ ደገኛ፣ እናት የባቲ ቆለኛ ስለሆኑ ነው ብሎ ቤተሰቡ ተስማምቷል። መብራት ሲጠፋ የከሰል ማንደጃ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ዝናብ ሳይኖር ከእናቱ ወንበር በላይ ውሃ ጠብ ይላል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር አንድ ሠራተኛ በትልቅ ቀይሮላቸዋል፤ አሁን አይወርድም፣ ሶኬቱ ግን ይግላል። ተለቅ ያለ ማሞቂያ ልግዛ ወይ ነው ጥያቄው።

አትግዛ ወንድሜ። ደብዳቤህን ሳነብ ልቤ የቀረው ያቺ ጠብታ ላይ ነው። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ማግስት የሚወርድ ውሃ ከውጭ የገባ አይደለም፤ ቆርቆሮው አልቦት ነው። ላቡ እናትህ ወንበር ድረስ ከደረሰ ደግሞ በዚያ በኩል ኮርኒሱ ክፍት ነው ማለት ነው። ገመድ ሊዘረጋ የወጣ ሰው ቺፕውዱን ገንጥሎ፣ ሲወርድ በሁለት ሚስማር አንጠልጥሎት ሄዷል ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ቤት እንዳጋጠመኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ግምቴን ለማረጋገጥ ማታ ቡና ሲፈላ የእጣኑን ጢስ ተከተል። ጢሱ ወደዚያ ጥግ እየተሳበ ሽቅብ ከጠፋ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቡናው ሲያበቃ ታዲያ ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ ቤቱን የሚደፍን ነው፤ በተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳህ፤ ይህ ከገባህ ጭቅጭቁ ግማሹ ያልቃል። ሰው የሚበርደው አየሩ ስለቀዘቀዘ ብቻ አይደለም። ሰውነታችን እንደ ምድጃ ነው፤ ሳይነካው እንኳ ፊት ለፊቱ ላለ ቀዝቃዛ ነገር ሙቀቱን ይሰጣል። እሳት ዳር ስትቀመጥ ፊትህ እየነደደ ጀርባህ የሚበርድህ ለዚህ ነው፤ አየሩ አንድ ነው፣ ፊትህና ጀርባህ የሚያዩት ነገር ግን ይለያያል። ቆርቆሮም እንደዚሁ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደመና የሌለበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰማይ ይለቅቃል። ስስ ስለሆነ የሚይዘው ሙቀት የለውም፣ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ደመና ባለበት ሌሊት ግን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ይመልስለታል፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት ማግስት ጠብታው እንደሚቀንስ ልብ በል። የትንፋሻችሁ፣ የወጡና የጀበናው እንፋሎት ሽቅብ ወጥቶ ያንን ብርድ ሲነካ ውሃ ይሆናል። እናትህ የተቀመጡት ከዚያ ቀዝቃዛ ብረት ሥር፣ የውጩን ግድግዳ ተደግፈው፣ እግራቸውን ሲሚንቶ ላይ አሳርፈው ነው። አባትህ የሚደገፉት ግድግዳ የማድ ቤቱ ይመስለኛል። ስለዚህ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ባቲንና ለጋምቦን ተዉአቸው፤ ለሁለት ሌሊት ወንበር ይቀያየሩና እስቲ ማን ጋቢ እንደሚጠይቅ እዩ።

ወደ ሥራው እንግባ። የጎበጠውን ቺፕውድ አውርደህ 8 ሚሊ ሜትሩን ግዛ። ገበያ ላይ ያለው ስሱ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን እርጥበት ሲያገኘው በአንድ ክረምት ሆዱን ይነፋል። ሞራሌው የላላበት ካለ መጀመሪያ እሱን አጥብቅ፤ የላላ እንጨት ላይ አዲስ ቺፕውድ መምታት ድካም ብቻ ነው። ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጠርዝ በጭድ ጭቃ ሙላው፣ ሲደርቅ ቀጭን እንጨት አልብሰው። ከኮርኒሱ በላይ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ግን አትንካ፤ እርጥበቱ የሚወጣው በዚያ ነው። የበሩን ሥር በጎማ ዝጋ። ከእናትህ እግር በታች ወፍራም ምንጣፍ፣ በላዩ አጎዛ ይነጠፍ። ለአጎዛ የሚወጣ ገንዘብ ለማሞቂያ ከሚወጣው ይሻላል።

ሶኬቱን በተመለከተ በጣም ተናድጃለሁ። ብሬከር የሚወርደው ገመዱን ከመቃጠል ለማዳን ነው። እሱን በትልቅ መለወጥ የሚጮኽን ውሻ አፉን እንደማሰር ነው። 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የእንጀራ ምጣዱ በዚያው መስመር ላይ ከሆነና እንደ ብዙዎቹ 3500 ዋት ከሳበ ድምሩ 25 አምፔር ይደርሳል፤ የተለመደው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሶኬት ገመድ ይህን ተሸክሞ ሊያመሽ አይገባውም። 16 አምፔሩ ብሬከር ይመለስ፤ ምጣዱ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ለብቻው ይሳብ። ዋናውን ሳታጠፋ አትንካው፤ ካጠፋህም በኋላ በቴስተር አረጋግጥ። የጋለው ሶኬት ውስጡ ላልቷልና ጣለው። አዲስ ስትገዛ ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ የውስጡ ብረት ናስ መስሎ ማግኔት ከሳበው ናስ አይደለም፣ ለባለሱቁ መልስለት።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ማሞቂያውን 1000 ዋት ላይ አድርገህ ከመጋረጃና ከጋቢ አርቀህ በእናትህ በኩል አቁመው። አባትህ በዚያኛው ጥግ እንደልባቸው ይቀመጣሉ።

መብራት በጠፋ ሌሊት ግን ምን ታደርጋለህ? ከሰል እንዳታስገባ። ጢስ የለውም፣ ነድዶ ፍም ሆኗል፣ አይሸትም አትበለኝ፤ የሚገድለው ጋዝ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰውዬው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል፣ በዚያው ይቀራል። ቤታችሁ እስካሁን የተረፈው ኮርኒሱ ክፍት ስለነበረ ይሆናል፤ አሁን ልትዘጋው ነው። ውሃ አፍላና የጎማ ከረጢት ሞልተህ በጨርቅ ጠቅልለህ ለእናትህ እግር ሥር አድርግላቸው፣ ባና ደርብላቸው። አንድ ሰው ማንደጃው አጠገብ ተቀምጦ ራሴን አመመኝ ካለ በሩን በርግደህ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጣና ወደ ሐኪም ውሰድ።

ከጥገናው በኋላ ዝናብ ሲጥል ውሃ ጠብ ካለ ደግሞ የጣሪያውን ሚስማሮች ተመልከት፤ ጎማቸው ደርቆ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ የመጣው ላብ ሳይሆን ዝናብ ነውና ጽፈህ አሳውቀኝ።