ከጭንቅላቴ የሣልኩት ቡና

ሥዕል ለጀመራችሁ ልጆች፤

አርባ ዓመት ገደማ ለመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ሠርቻለሁ። ቅጠል፣ አንበጣ፣ የላም ሆድ ዕቃ፣ ምን ያልሣልኩት አለ። ከሁሉም አንዱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የቡና ቅርንጫፍ ሥራ ተባልኩና ከጭንቅላቴ ሣልኩት። ቡና እየጠጣሁ አድጌ ቅጠሉ ይጠፋኛል እንዴ? መጽሐፉ ታተመ። አንድ የጅማ ገበሬ አየውና "ይሄ ደግሞ የምን ዛፍ ነው?" አለኝ። የቡና ቅጠል ጥንድ ጥንድ እየሆነ፣ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው። እኔ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጌ ደርድሬዋለሁ።

ሠዓሊዋን ጆቫና ጋርዞኒን ያወቅኋት ከዚያ በኋላ ነው። በ1600 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ኢጣሊያ ውስጥ አስኮሊ ፒቼኖ ተወለደች። አንድ ሠዓሊ አግብታ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ። ከዚያ ቬኒስ፣ ናፖሊ፣ ቱሪን፣ ፓሪስ፣ በእጇ ሙያ እንጀራዋን እየበላች ዞረች። ፍሎረንስ ላይ ለሜዲቺ መሳፍንት ፍራፍሬና አበባ ስትሥል ዓመታት ቆየች። በ1670 ሮም አረፈች፤ ንብረቷንም እዚያው ለነበረው የሠዓሊዎች ማኅበር ተናዘዘች።

የምትሥለው ብራና ላይ ነው። ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ፣ ነጥብ በነጥብ ታሳርፈዋለች። ሎስ አንጀለስ ጌቲ ሙዚየም ያለውን የትርንጎ ሥዕሏን ስልካችሁ ላይ አጉልታችሁ እዩት። ልጣጩ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፣ በጣት ዳስሱኝ ዳስሱኝ የሚል ነው። ተርብም አለችበት። እንዲህ ያለ ነገር ከጭንቅላት አይመጣም። ትርንጎው ፊቷ ተቀምጧል፣ እሷም ደጋግማ አይታዋለች። እናንተም ፎቶውን ተዉትና ዕቃውን ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡት። አዙሩት። አሽትቱት። ሲጠወልግም አብራችሁት ቆዩ፤ መጠውለጉም የእሱ ነው።

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ። በወጣትነቷ የጽሕፈት መልመጃ ደብተር አዘጋጅታ ነበር፤ ፊደሎቹን በአበባና በወፍ አስጊጣ። ይህን ያዙልኝ። በ1635 ገደማ ቱሪን ቤተ መንግሥት ስትሠራ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ እንግዳ መጣ። ጸጋ ክርስቶስ ይባላል፣ የዓፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ ባይ ነው። በካይሮ፣ በኢየሩሳሌምና በሮም አልፎ ነው እዚያ የደረሰው። የንጉሥ ልጅነቱ እውነት ይሁን ውሸት ለታሪክ ሰዎች ልተወው። ፊቱን ግን ጆቫና እንደ ትርንጎዋ በትዕግሥት ሥላዋለች፣ በመዳፍ በምትያዝ ብራና ላይ። ሥዕሉ ዛሬ አሜሪካ፣ ኦበርሊን ኮሌጅ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ጀርባው ላይ ስሟን በኢጣሊያንኛ ፈርማለች። ደግሞም በእኛው ፊደል ጽፋዋለች። ከልጁ እጅ እያየች ሳትገለብጠው አልቀረችም።