መልስ፦ አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ግሬስ ሆፐር ዩኒቨርሲቲ የለቀቀችው በ1943 ነው ወይስ በ1949?

ሁለቱም ልክ ነው፤ ያደናገረህ ሁለት የተለያዩ ተቋማት መሆናቸው ነው። በ1943 ፈቃድ ጠይቃ የተለየችው ከ1931 ጀምሮ ሒሳብ ካስተማረችበት ቫሳር ኮሌጅ ነው። የገባችው አሜሪካ ባሕር ኃይል ነበር፤ እነሱም ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክ 1 የሚባለው ኮምፒውተር ላይ መደቧት። ከጦርነቱ በኋላም እዚያው በተመራማሪነት ቆይታ በ1949 ኤከርት-ሞክሊ ወደሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ ሄደች። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ለጽሑፍህ የሚጠቅምህ ሁለተኛው፣ የ1949ኙ ይመስለኛል። ኤ-ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለሯን (ፕሮግራምን ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) በ1952 የሠራችው እዚያ ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ያኔ ብዙዎች ኮምፒውተር ሒሳብ ከመሥራት ውጪ ምንም አይችልም ብለው አላመኗትም። ቀጥሎ የመጣው ፍሎው-ማቲክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋዋ ደግሞ ኮቦል ለሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ መሠረት ሆነ። በጣም የማደንቃት በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። «ባግ የሚለውን ቃል የፈጠረችው እሷ ናት» ብለህ እንዳትጽፍ (ባግ የኮምፒውተር ስህተት ነው፤ በእንግሊዝኛ እንደ እሳት እራት ያለ ትንሽ ነፍሳትም ማለት ነው)። እኔ ጽፌው መምህሬ በቀይ አስምሮ መልሶልኛል። በ1947 ማርክ 2 በሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ የእሳት እራት ተገኝታ መዝገብ ላይ በፕላስተር መለጠፏ እውነት ነው፣ መዝገቡም እስካሁን አለ፤ ያገኟት ግን የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ቃሉንም መሐንዲሶች ከዚያ በፊት ይጠቀሙበት ነበር። እሷ ታሪኩን ደጋግማ ስላወራችው በስሟ ቀረ።